ማሰሪያ የሌለው ምስጋና

የአማርኛ ሰዋስው ያስተማሩን መምህራን በብዙ ነገር አይስማሙም ነበር፤ በአንድ ነገር ግን ቃላቸው አንድ ነው። ማሰሪያ አንቀጽ የሌለው ንግግር ዓረፍተ ነገር አይባልም። ባለቤቱን ጥራ፣ ተሳቢውን አስከትል፣ ቅጽሉን ደርድር፤ መጨረሻ ላይ «ነው» ወይም «መጣ» ብለህ ካላሰርኸው ልቅ ነዶ ነው፤ ንፋስ ይበትነዋል። ይህን ሕግ በደብተራችን ጽፈን ለዕረፍት ወደ ቴፒ በተመለስን ቁጥር ግን ገና ከመናኸሪያው አንድ ያልታሰረ ንግግር ይቀበለናል። «እንዴት ከረማችሁ?» «አልሐምዱሊላህ።» «ቡናውስ?» «አልሐምዱሊላህ።» «የታመሙት ሰውዬ ተሻላቸው?» «አልሐምዱሊላህ፣ ያው ናቸው።»

ለመሆኑ ይህ ንግግር ምንድን ነው? ሰላምታ ነው? ጸሎት ነው? ወይስ «ደህና ነን» ማለት ነው? ይህች ጽሑፍ የተነሣችው ይህንኑ ለመጠየቅ ነው። ሃይማኖት ለመስበክ አይደለም፤ ከመካከላችን ጁምዓ የሚሰግድም አለ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾምም አለ፤ አንድ ላይ ያስቀመጠን የቋንቋ ፍቅር ነው። ወደ ሰዋስው የገፋን ደግሞ አንድ የመሥሪያ ቤት ቅጽ ነው። የቅጹን ወሬ ኋላ እናመጣዋለን፤ መጀመሪያ ንግግሩ ይፈታ።

ቴፒን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ከተማዋ በሸካ ዞን፣ በየኪ ወረዳ፣ ዝናብ በማይለየው ደን መካከል ያለች የቡና አገር ነች። ሸካው፣ መዠንግሩ፣ ሸኮው፣ ቤንቹ፣ ካፋው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሌላውም በየልሳኑ ያወራል፤ ገበያ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ በአማርኛ ይገናኛል። ዓረብኛ የማንም የቤት ቋንቋ አይደለም፤ ሆኖም በሁሉም አፍ ላይ ድርሻ አለው። ከፊሉን ያመጡት ከጅማ ወዲህ ሲመላለሱ የኖሩ ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። ሌላውን ያመጡት በድርቁ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. መንግሥት ከሰሜን አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ያሰፈረው ሕዝብ 600,000 ገደማ ነበር፤ ወዶ የመጣም አለ፣ ሳይወድ የተጫነም አለ። ከሰዉ ጋር ዱዓውም፣ ሹክሩም፣ ኸይሩም አብሮ መጣ። ክርስቲያኑስ ቢሆን? ቡና ሲጠጣ ከአቦል ጀምሮ ሦስተኛው ስኒ ላይ ሲደርስ «በረካ» ይል የለ? በረካ ዓረብኛ ነው፤ የግዕዙ በረከት ወንድሙ ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዳያችን። ከመካከላችን አንዱ በልጅነቱ ሉህ ታቅፎ ቁርአን የቀራ፣ ኋላም ከአንድ ሸህ እግር ሥር ተቀምጦ ነህውን፣ ማለትም የዓረብኛ ሰዋስውን፣ የጀመረ ደረሳ ነበር። የጀመረውም እንደ አብዛኛው ደረሳ በ«አጅሩሚያ» ነው። ይህችን ትንሽ መጽሐፍ ያዘጋጃት እ.ኤ.አ. በ1323 የሞተው የሞሮኮው ሰዋስወኛ ኢብን አጅሩም ነው። ደረሳው ሲፈታልን «አልሐምዱሊላህ» ሦስት ቁራጭ ሆነ፤ «አል»፣ «ሐምዱ»፣ «ሊላህ»። «ሐምድ» ምስጋናም ውዳሴም ነው። «አል» አማርኛ በቃሉ ጭራ ላይ የሚቀጥላት፣ «ሰው» ን «ሰውየው» የምታደርገው ምልክት ናት፤ ዓረብኛ ግን ከፊት ያስቀድማታል። «ሊ» የኛው «ለ» ናት። ስንገጥመው «ምስጋናው ለአላህ» ይሆናል። በቃ፤ አለቀ። «ነው» የለም፣ «ይሁን» የለም።

በዓረብኛ ይህ ጉድለት አይደለም። ለአሁን ጊዜ «ነው» አያስፈልገውም። የመጀመሪያውን ክፍል ሙብተዳእ፣ ሁለተኛውን ኸበር ይሉታል፤ መነሻና ወሬ እንደ ማለት ነው። ወሬው «ለአላህ» የሚለው ነው። በ«አል» ላይ ሊቃውንቱ ተከራክረዋል። አንዳንዶቹ «ጠቅላይ ነው፤ ከማንም ለማንም የሚቀርብ ምስጋና ሁሉ መጨረሻው ለእሱ ነው» ይላሉ፤ ሌሎቹ «ምስጋና የሚባለውን ነገር ጠባዩን ያመለክታል» ይላሉ። በአንዱም በሌላውም ቢሆን ምስጋናው ከተናጋሪው ኪስ የወጣ አይደለም፤ ድሮም የነበረ ነገር ነው።

ዋናው ጥያቄ ይኸውና። «አሕመዱላህ» ቢባል ምን ነበረበት? «አላህን አመሰግናለሁ» ማለት ነው፤ ጥሩ፣ የታሰረ፣ መምህራኖቻችንን ደስ የሚያሰኝ ዓረፍተ ነገር። ነገር ግን ግሥ ብቻውን አይመጣም፤ ባለቤትና ጊዜ አስከትሎ ይመጣል። «አመሰግናለሁ» ያለ ሰው «እኔ» ብሏል፤ «አሁን» ብሏል። እሱ ሲተኛ፣ ሲያኮርፍ፣ ሲሞት ምስጋናው አብሮት ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ1144 የሞተው ዘመኽሸሪ «አል-ከሻፍ» በተባለው ተፍሲሩ ይህንኑ አንሥቶታል። እንደ እሱ አባባል ቃሉ በመሠረቱ ግሡ የተዋጠ ተሳቢ ነበር፤ ከተሳቢነት አውጥተው ባለቤት ያደረጉት ነገሩ የጸናና የማይናወጥ መሆኑን ለማሳየት ነው። እንግዲህ ግሡ የቀረው በስንፍና አይደለም፤ «እኔ» ና «አሁን» እንዲወጡ ነው።

ጥንቁቅ አንባቢ «ታዲያ ወሬ ብቻ ከሆነ ማመስገኑ የት አለ?» ሳይል አይቀርም። ሊቃውንቱም ይህን አልዘነጉም። ቅርጹ ወሬ ነው፤ ሥራው ግን ራሱ ማመስገን ነው ይላሉ። ማለትም ሰውየው ምስጋና የማን እንደሆነ ሲናገር በመናገሩ ብቻ አመስጋኝ ሆኗል። ሆኖም ስለ ራሱ ያለው አንዳች የለም። ይህችን አንዲት ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

ወደ አማርኛችን እንምጣ። አማርኛ ለዚህ ሁለት ቅርጽ አለው፤ «ተመስገን» እና «ይመስገን»። አንደኛው ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ አንተ ብሎ ፊት ለፊት ይናገራል። ሁለተኛው ሦስተኛ መደብ ነው፤ ይመኛል። ሁለቱም ተደራጊ ስለሆኑ አመስጋኙን ደብቀዋል፤ ማን እንደሚያመሰግን አይናገሩም። በዚህስ ከዓረብኛው ጋር ይቀራረባሉ። ልዩነቱ ዓረብኛው «ነው» ሲል አማርኛው «ይሁን» ማለቱ ነው። በ1961 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ ቁርአን ተርጓሚዎች ፋቲሓ ላይ ሲደርሱ የመረጡት ቃል «ይገባው» የሚለውን ነው። «ይገባዋል» ቢሉ ወሬ ይሆን ነበር፤ «ይገባው» ሲሉ የአማርኛ ምርቃትና ጸሎት የለመደውን የምኞት ቅርጽ ያዙ። አንዲት «-አል» ቀረች ማለት ነው። እኛ ተርጓሚዎቹን ለመክሰስ አይደለም የምንጽፈው፤ አማርኛ ከፈጣሪ ጋር ሲነጋገር ድምፁ እንዲህ ነው። ለመጠቆም የፈለግነው በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የቀረችውን ያችን ትንሽ ጭራ ነው።

የሚገርመው፣ ዓረብኛውን በቅርጹ የሚመስለው አማርኛ ሳይሆን ግዕዝ ነው። «ስብሐት ለእግዚአብሔር» የሚለውን ቅዳሴ ያስቀደሰ ሁሉ ያውቀዋል። ማሰሪያው የት አለ? የለም። ስም አለ፣ «ለ» አለ፣ የአምላክ ስም አለ። ልክ እንደ «አልሐምዱሊላህ» ሁለት እግር ብቻ ያለው፣ ግን የማይወድቅ ንግግር ነው። ሆኖም ፊደል የተመሳሰለ ሁሉ ዘመድ አይደለም። «ሐምድ» ን በግዕዝ የሚፈልግ ሰው «ሐመድ» ን ያገኛል፤ እሱ ደግሞ አመድ ማለት ነው። እውነተኛው ዝምድና ያለው ከሌላው የዓረብኛ ውዳሴ፣ ከ«ሱብሓነላህ» ጋር ነው። የ«ሱብሓን» ሥር ስ-ብ-ሕ ነው፤ የ«ስብሐት» ም እንዲሁ፤ በዕብራይስጥና በአራማይክም ሽ-ብ-ሕ ሆኖ አለ። «ሐ» ን የዛሬው አማርኛ ተናጋሪ ከ«ሀ» አይለይም፤ ፊደሉ ግን አፋችን የጣለውን ድምፅ እስከ ዛሬ ይዞልናል።

ትርጉሙን ካነሣን «ሱብሓነላህ» «አላህ ከጉድለት ሁሉ የጠራ ነው» እንደ ማለት ነው፤ ሰው ሲደነቅም ሲደነግጥም ይለዋል። ሰዋስወኞቹ «ሱብሓነ» ን ተሳቢ ነው ይሉታል፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «አ» ምልክቱ ናት። ግዕዝም «ስብሐት» ን ተሳቢ ሲያደርገው «ስብሐተ» ይላል፤ ያችው «አ»። ታዲያ ተሳቢ ካለ ሳቢው ግሥ የት ሄደ? ተውጧል፤ እንዳይነገርም ግድ ነው ይላሉ። የሚያጠራው «እኔ» አሁንም ከንግግሩ ወጣ።

«አላሁ አክበር» ም የራሱ ጉድለት አለው። «አክበር» «ታላቅ» ብቻ አይደለም፤ ማወዳደሪያ ነው። አማርኛ ማወዳደሪያ ቅጽል የለውም፤ በ«ከ» ና በ«ይበልጣል» ነው የሚያወዳድረው። ስለዚህ የተሻለው አማርኛ «አላህ ይበልጣል» ነው። ከምን? ዓረብኛው አይናገርም፤ «ከ» ው ክፍት ቀርቷል። አንዳንድ ሊቃውንት እዚህ ላይ «አክበር» «ታላቅ» ማለት ብቻ ነው ይላሉ፤ ብዙዎቹ ግን ክፍት የቀረው ሰሚው ያሰበውን ሁሉ እንዲያስገባበት ነው ይላሉ። ቀይ የደረሰ ቡና አይቶ ጎረቤት «ማሻአላህ» ሲልም እንዲሁ ነው። «ማ» «ያ ... የሆነው» ነው፣ «ሻአ» «ፈቀደ» ነው፤ «አላህ የፈቀደው»። ምኑ ነው የፈቀደው? «ይህ» የሚለው ቃል ተቆርጦ ቀርቷል፤ ቡናው ራሱ እዚያ ቆሟልና።

አንድ ነገር ብቻ እንጨምርና ወደ ቅጹ እንሂድ። ዓረብኛ «ሐምድ» ን ከ«ሹክር» ይለያል። ሹክር ለተደረገ ውለታ የሚመለስ ነው፤ ሰጠኸኝ፣ አመሰገንሁ። ሐምድ ግን ውለታ ተቀበልሁም አልተቀበልሁም ለተመስጋኙ ማንነት የሚቀርብ ነው። አማርኛ ሁለቱንም «ምስጋና» ብሎ በአንድ አቁማዳ ከቷቸዋል። ስለዚህ «አልሐምዱሊላህ» ን «ምስጋና» ብሎ የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ወዲያው «እንግዲያው አንድ ነገር አግኝቷል» ይላል። የቅጹ ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው።

ባለፈው ዓመት በዕረፍታችን የገበሬውን ኑሮ የሚያጠና አንድ መሥሪያ ቤት በቀን አበል መረጃ ሰብሳቢ አድርጎ ቀጠረን። ስሙ ይቆየን። ቅጹ ላይ ከተደረደሩት ጥያቄዎች አንዱ «በአጠቃላይ ኑሮዎ እንዴት ነው?» ይላል፤ ሥሩ ሦስት ሣጥን አለ፤ «ጥሩ»፣ «መካከለኛ»፣ «መጥፎ»። ከከተማው ወጣ ብሎ ካሉት የሰፋሪ መንደሮች በአንዱ አንድ ሽማግሌ ቤት ገባን። ተቆጣጣሪያችንም አብሮን ነበር። ጠየቅናቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ደግመን «አባባ፣ ኑሮዎት ማለታችን ነው» አልን። «አልሐምዱሊላህ ዐላ ኩሊ ሐል» አሉን፤ በማናቸውም ሁኔታ ላይ ምስጋናው ለአላህ እንደ ማለት ነው። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየና «አመስግነዋል እኮ! ‹ጥሩ› በሉትና እለፉ» አለን። ሣጥኑን ባዶ ትተን ቁጭ አልን፤ ቡናው ተቆልቶ ነበርና።

በአቦሉ ስለ ወሎ አወሩ። በቶናው ስለ ዝንጅብሉ መጣ፤ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በነዚህ አገሮች ዝንጅብልን ያጠወለገው በሽታ የሳቸውንም ማሳ እንዳልነበረ አድርጎታል። ቡና ተከሉ። በበረካው የዘንድሮው ወጣ። ገና ዛፍ ላይ ሳለ ግማሹን እሸት በብድር ተይዟል፤ ለማድረቅ ያሰጡት ጀንፈል ዝናብ አግኝቶት ሻግቷል፤ ልጃቸው ትምህርቷን አቋርጣ ሰው ቤት ለመሥራት ከተማ ገብታለች። ይህን ሲናገሩ አላለቀሱም፤ ድምፃቸው ግን ወረደ። ያኔ አንዳችን «ታዲያ አባባ፣ ቅድም ስንጠይቅዎት አልሐምዱሊላህ አሉን?» አላቸው። ሽማግሌው ሣቅ አሉና፦

«ኧረ ልጆቼ! እኔ የነገርኋችሁ የጌታዬን ነው፤ የኔንማ ገና መች ጠየቃችሁ?»

ዘመኽሸሪ በዓረብኛ የጻፈውን ሰውዬው ስኒ ይዘው በወሎ አማርኛ ነገሩን። የሙብተዳእና የኸበር ትምህርት ሁሉ እዚያች ላይ ነው ያለችው። የነገሩንን ሁሉ ቅጹ ጀርባ ላይ ጻፍነው። ተቆጣጣሪው ግን «ጀርባው ኮምፒዩተር ውስጥ አይገባም» አለና ሣጥኑ ላይ «ጥሩ» የሚለውን በራሱ እጅ ምልክት አደረገበት። እንዲህ ሆኖ አንድ የሻገተ ጀንፈልና አንዲት ከትምህርት የቀረች ልጅ በሪፖርት ውስጥ ደህና ኑሮ ሆኑ።

ወደ ግቢ ስንመለስ ይህንን ለጓደኞቻችን አወራን። አንዱ ወዲያው «ይኸው! ሕዝባችንን ያስተኛው እኮ ይሄ ነው፤ እየተራበ ያመሰግናል» አለ። መሥሪያ ቤቱ «ደስተኛ ነው» አለ፤ ጓደኛችን «ደንዝዟል» አለ። ተቃራኒ ይመስላሉ፤ ግን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «አልሐምዱሊላህ» ን ስለ ተናጋሪው የተነገረ ወሬ አድርገው ሰምተዋል። የደነዘዘ ሰው አቤቱታ አያጽፍም። እኒያው ሽማግሌ ከመውጣታችን በፊት ለቀበሌው ማመልከቻ አጽፈውናል። «በመጀመሪያ አልሐምዱሊላህ በሉልኝ» አሉ፤ ጻፍን። ከዚያ ቀጥሎ ብድሩን፣ ዋጋውን፣ የመንገዱን ጭቃ አንድ በአንድ አስቆጠሩን፤ የነብር አራስ የመሰለ ማመልከቻ ነበር።

ይህ የሳቸው ፈሊጥ ብቻ አይደለም። በእስልምና ልማድ ኹጥባም ደብዳቤም በሐምድ ተከፍቶ «አማ በዕድ» ተብሎ ወደ ጉዳዩ ይገባል። «በዕድ» «በኋላ» ማለት ነው፤ ከምን በኋላ እንደሆነ አልተነገረም፣ ይህም እንደ ሌሎቹ ተቆርጦ የቀረ ነው፤ ሰሚው «ከምስጋናው በኋላ» ብሎ ይሞላዋል። እንግዲህ ሐምድ መግቢያ ነው። ጉዳዩ ከበኋላ ይመጣል። ቅጹ ያደረገው መግቢያውን አንብቦ ደብዳቤውን ማጠፍ ነው።

ክርስቲያን ወገኖቻችንም ከዚህ አይርቁም። «እንዴት ነህ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል፣ ቀጥሎም «ብቻ ወገቤን...» የሚል ሰው ያላጋጠመው ማን አለ? «ብቻ» የምትለዋ ቃል የኛ «አማ በዕድ» ናት። አገራችን ጠያቂ አልጠፋባትም፤ ቅጽ የያዘ፣ ካሜራ የያዘ፣ ደብተር የያዘ ብዙ ነው። እኛም ነገ ተመርቀን ከእነሱ አንዱ ነን። ስለዚህ የምንለምነው ከባድ ነገር አይደለም። ከሦስቱ ሣጥኖች ሥር አንድ ባዶ መስመር ይጨመር፤ መልስ ሰጪው ሲያመሰግን ምስጋናው ምስጋና ተብሎ ይጻፍ፤ ከዚያም ጥያቄው እንደገና፣ በዝግታ፣ ስለ ራሱ ይጠየቅ። ጠያቂም ሆኖ የሄደ ሰው በረካውን ሳይጠጣ አይነሣ።